ቶርኖ ሲመረጥ፦ መግለጫው ላይ ያልተጻፈው ቁጥር

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ሁለት ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ዛሬ እርሱ ራሱ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። ከአባቱ የወረሳት ቮልስዋገን 1300 በግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ከቆመች ዓመታት ተቆጥረዋል፤ እርሷን በገዛ እጁ አድሶ መንገድ ላይ ሊያወጣት ቆርጧል። ወረቀቶቹ የሁለት ቶርኖዎች መግለጫ ናቸው። አንደኛው አዲስ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ማሽን ነው። ሁለተኛው ከተዘጋ ወርክሾፕ የሚሸጥ፣ የእንግሊዝ ሥሪት የሆነ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ከግማሽ ቶን የማያንስ አሮጌ ማሽን ነው። «ዶክተር፣ ያጠራቀምኩት ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ።

ወዲያውኑ ልመልስለት አልቻልኩም። መልሱን በቃል ከመስጠት ይልቅ እዚህ መጻፍ የመረጥኩት፣ ጥያቄው የጋራዥ ብቻ ስላልሆነ ነው። እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑ ይታወሳል። በመሆኑም በእጃችን ያሉትን አሮጌ መኪናዎች ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ቤተሰብ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። የመጨረሻዋ ጥንታዊ ቮልስዋገን ሜክሲኮ ውስጥ ፑብላ ከሚገኘው ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። መለዋወጫዎቿን የሚሠሩ ሌሎች አምራቾች ዛሬም አሉ። ይሁን እንጂ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ የታጣን አንድ የነሐስ ቡሽ ከውጭ ለማስመጣት ወራት መጠበቅ ያለ ነገር ሲሆን፣ ያንኑ ቡሽ ቶርኖ ያለው ሰው በግማሽ ቀን ይሠራዋል።

በነገራችን ላይ ቶርኖ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ፍሬዛ፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታም እንዲሁ ናቸው። የወርክሾፕ አማርኛችን በእነዚህ ቃላት የተሞላ ሲሆን፣ የፊዚክስ መጻሕፍታችን ግን አንዱንም አያነሡም። ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የአዲሱ ማሽን መግለጫ ሦስት ቁጥሮችን በትልልቁ አትሟል፦ 550 ዋት ሞተር፣ እስከ 2500 ዙር በደቂቃ፣ 0.01 ሚሊ ሜትር ትክክለኛነት። እኔ እንደማምነው እነዚህ ሦስቱ ስለ ማሽኑ ከሁሉ ያነሰ የሚነግሩን ቁጥሮች ናቸው። ለዚህም ከመኪናዋ አንድ ክፍል ወስደን እናስላ።

የቮልስዋገን የፍሬን ታምቡር ውስጣዊ ዲያሜትር በብዙዎቹ ሞዴሎች 230 ሚሊ ሜትር ነው። ታምቡሩ የተሠራው ባለሙያዎች ጊዛ ከሚሉት፣ ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስ ብረት ነው። ይህን ብረት ኤች.ኤስ.ኤስ. በሚባለው የተለመደ መቁረጫ ስንቆርጥ፣ ብረቱ በመቁረጫው ጫፍ ሥር ማለፍ ያለበት በደቂቃ 20 ሜትር ያህል ነው። የታምቡሩ ውስጣዊ ዙሪያ 0.72 ሜትር ስለሆነ፣ ማሽኑ መሽከርከር ያለበት በደቂቃ 28 ዙር ብቻ ነው ማለት ነው። 2500 ዙር ለዚህ ሥራ ምንም አይፈይድም።

አሁን ወደ ቶርኩ እንምጣ። ጥልቀቱ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ በየዙሩ የመቁረጫው ጉዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የሚቆረጠው ብረት ስፋት 0.075 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ብረቱ ለመቆረጥ የሚያሳየውን ተቃውሞ በካሬ ሚሊ ሜትር 2000 ኒውተን ያህል ብንወስድ፣ መቁረጫው ላይ የሚያርፈው ኃይል 150 ኒውተን ነው። ይህ ኃይል የሚያርፈው ከማዕከሉ 0.115 ሜትር ርቆ በመሆኑ የሚያስፈልገው ቶርክ 17 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ፓወሩስ? ፍጥነቱ በሰከንድ 0.33 ሜትር ስለሆነ 50 ዋት ብቻ! ስለዚህ 550 ዋት ያለው ሞተር ሥራውን በቀልድ መሥራት ያለበት ይመስላል።

ነገር ግን አይሠራውም። 550 ዋት በ2500 ዙር ላይ የሚሰጠው ቶርክ 2.1 ኒውተን ሜትር ነው። የዚህ ዓይነት ማሽኖች ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት በኤሌክትሮኒክስ ነው፤ ኤሌክትሮኒክሱ ሞተሩን ያዘገየዋል እንጂ ቶርኩን አያበዛውም። ሞተሩ ለአጭር ጊዜ ከዚህ በላይ ሊጎትት ቢችልም ግሎ ይቃጠላል። ማሽኑ ሁለተኛ ዝቅተኛ ማርሽ ቢኖረውና ከፍተኛው ፍጥነት ወደ 1100 ዙር ቢወርድ እንኳ ቶርኩ 5 ኒውተን ሜትር አይሞላም። በአንጻሩ አንድ አሮጌ ማሽን ያንኑ 550 ዋት ከ1400 ዙር ሞተር ወስዶ በቺንጋና በማርሽ 50 ጊዜ ቢቀንሰው፣ 3.75 የነበረው ቶርክ በሰበቃ የሚጠፋው ሳይቀነስ 187 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ፓወሩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ማርሹ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ወደ እንጦጦ ለመውጣት የሞከረ ሹፌር ይህን ያለ ስሌት ያውቀዋል።

እርግጥ ነው፣ ተማሪዬ ያመጣው ትንሹ ማሽን ሊያሽከረክር የሚችለው ትልቁ ዲያሜትር 180 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ታምቡሩ ከናካቴው አይገባበትም። ስሌቱን ያስቀደምኩት በዚሁ አሠራር የተሠሩ ተለቅ ያሉ የጠረጴዛ ማሽኖችም በገበያ ስላሉ፣ ስፋታቸውን ብቻ ዐይቶ የሚገዛ እንዳይታለል ብዬ ነው።

ሦስተኛው ቁጥር፣ ማለትም 0.01 ሚሊ ሜትር የሚለው፣ ከሁሉም ይበልጥ አሳሳች ነው። በእጅ መዘውሩ ላይ የተሠመረው መስመር 0.01 ሚሊ ሜትር ያሳያል ማለት ማሽኑ በዚያ ልክ ይቆርጣል ማለት አይደለም። መቁረጫው ብረቱን ሲገፋ ብረቱም መቁረጫውን ይገፋል፤ ኒውተን እንዳስተማረን። ጥያቄው በዚህ ግፊት ሁሉም ነገር ምን ያህል ይጎብጣል የሚለው ነው። በአንድ ጫፉ የተያዘ ክብ ዘንግ የሚጎብጠው በርዝመቱ ኩብ ልክ ነው፤ ጥንካሬው ደግሞ የሚያድገው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው። ርዝመቱን እጥፍ ብታደርጉ 8 ጊዜ፣ ውፍረቱን በግማሽ ብትቀንሱ 16 ጊዜ ይበልጥ ይጎብጣል። ለታምቡሩ ውስጠኛ ገጽ የሚያገለግለው ረጅም መቁረጫ፣ መቁረጫውን የሚሸከመው ክፍል፣ ያ ክፍል የሚንሸራተትበት ሐዲድ፣ ሁሉም ለዚሁ ሕግ ተገዥዎች ናቸው። ክብደት በራሱ ዓላማ ባይሆንም፣ የአንድ ቶርኖ ክብደት በመግለጫ ወረቀት ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ ስለ ጥንካሬው ይበልጥ እውነቱን የሚናገረው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ነውር ልናገር። ከዓመታት በፊት ለራሴ መኪና የሚሆን 12 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ፒን በአንድ ቀላል የጠረጴዛ ቶርኖ ላይ ሠራሁ። ፒኑ ጫፉ ላይ ከሥሩ ይልቅ ወፍራም ሆኖ ወጣ። ደግሜ ብሠራውም ያው ሆነ። ማሽኑን እየረገምኩ ፒኑን ይዤ ሠፈራችን ወዳለ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ፒኑን በጣቶቹ መካከል አሽከርክሮ ዐየና፣ «ዶክተር፣ ጫፉን ሳትደግፉት ነው የሠራችሁት?» አለኝ። አንደበቴ ተያዘ። በአንድ ጫፉ የተያዘን ዘንግ ጉብጠት ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ስንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስተምር ኖሬያለሁ! ማታ ቤቴ ገብቼ ሳሰላው 50 ኒውተን የሚሆን የጎን ግፊት ጫፉን 0.14 ሚሊ ሜትር ያህል ያጎብጠዋል፤ በዲያሜትር ላይ ሲታይ እጥፉ ነው። ጫፉን ከትይዩ በሚቆመው ደጋፊ ክፍል ብደግፈው ኖሮ ጉብጠቱ ከ30 ጊዜ በላይ በቀነሰ ነበር። ግማሽ ቶን የሚመዝን ማሽንም ቢሆን ከዚያ ስሕተት አያድነኝም ነበር። ይህን የምለው ማሽን ከመምረጥ በፊት ራስን መመርመር እንደሚገባ ለማስታወስ ነው።

ጥንካሬ የሚያስፈልገው ለልክ ብቻ አይደለም። መቁረጫው በትንሹ ሲንቀጠቀጥ በብረቱ ገጽ ላይ ሞገድ ይተዋል። በሚቀጥለው ዙር መቁረጫው ያንኑ ሞገድ ያገኘዋል፤ የሚቆርጠው ውፍረት ከፍ ዝቅ ይላል፣ ኃይሉም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል፣ መንቀጥቀጡም ይብሳል። ማይክሮፎን ወደ ድምፅ ማጉያ ሲጠጋ የሚያሰማው ጩኸት የሚፈጠርበት መንገድም ይኸው ነው። የጊዛ አካል ያላቸው ከባድ ማሽኖች በዚህ በኩል ይበልጣሉ፤ በብረቱ ውስጥ የተበተኑት የግራፋይት ቅጠሎች ንዝረትን ይውጣሉና።

ተማሪዬን ከሁሉ በላይ ያስፈራው ግን ሌላ ነገር ነበር። አሮጌው ማሽን ቪቴ የሚያወጣበት ረጅም ጥርሳም ዘንግ በኢንች የተሠራ ነው፤ የቮልስዋገን ዳዶና ብሎን ደግሞ በሚሊ ሜትር። «ታዲያ ይህ ማሽን ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» አለ። ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል፤ በውስጡ ያለው ሒሳብ ያማረ ነውና።

ሄንሪ ሞድስሌይ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ለንደን ውስጥ ቪቴ የሚያወጣ፣ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠራ ቶርኖ ከሠራ ወዲህ የአሠራሩ መሠረት አልተለወጠም፦ የሚሠራው ብረት በዞረ ቁጥር፣ በማርሽ የተያያዘው ረጅም ዘንግ መቁረጫውን በተወሰነ መጠን ይወስደዋል። የማርሾቹ ጥርስ ብዛት ጥምርታ የቪቴውን እርከን ይወስናል። በሞድስሌይ ሥር የሠራው ጆሴፍ ዊትወርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የቪቴ ጥርስ አንድ ወጥ ደረጃ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ፤ ደረጃው ግን በኢንች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ አገሮች አንድ ኢንች በትክክል 25.4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ተስማሙ። 25.4 ማለት 127 ሲካፈል ለ5 ነው። 127 ደግሞ ከራሱና ከ1 በቀር አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው! ስለዚህ በኢንች ዘንግ ላይ ፍጹም ትክክል የሆነ የሚሊ ሜትር ቪቴ ለማውጣት 127 ጥርስ ያለው ማርሽ ግድ ይላል፤ ትንንሽ ማርሾችን በማባዛት 127ን ማግኘት አይቻልምና።

127 ጥርስ ያለው ማርሽ ትልቅና በቀላሉ የማይገኝ ነው። ታዲያ ተስፋ መቁረጥ ይገባል? አይገባም። 127 ሲካፈል ለ100፣ 1.27 ነው፤ 80 ሲካፈል ለ63 ደግሞ 1.26984 ነው። ልዩነቱ ከ8000 አንድ እጅ ብቻ ነው። በ20 ሚሊ ሜትር የዳዶ ርዝመት ላይ ሲሰላ 0.0025 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ዳዶው አያውቀውም። ባለ 63 ጥርስ ማርሽ ደግሞ ፍሬዛ ያለው ሁሉ ሊቆርጠው ይችላል። «የኢንች ማሽን ነውና ተወው» የሚል ምክር ስትሰሙ ይህን ስሌት አስታውሱ። እንዲያውም የኢንች ማሽን መሆኑ ዋጋውን ዝቅ አድርጎት ከሆነ ገዢው ተጠቅሟል።

የኤሌክትሪኩ ነገር በአጭሩ ሊነገር ይችላል። አሮጌ ማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ሲሆን፣ ቤታችን ያለው አንድ ፌዝ 220 ቮልት ነው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ 220/380 የሚል ከሆነ፣ ከአንድ ፌዝ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ገዝቶ ሞተሩን በዴልታ ማገናኘት ይቻላል። ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፦ የአንድ ፌዝ ሞተር ፓወር በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል፣ የሦስቱ ፌዞች ድምር ግን ቋሚ በመሆኑ ማሽኑ ሳይርገበገብ ይዞራል። ሥራውን ግን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡ፤ የመሬት ሽቦውም እንዳይረሳ።

አሮጌ ማሽን ሲገዛ ቀለምና ዝገት አያስደንግጣችሁ፤ የእጅ መዘውሩ መላላቱም እንደ ጉድለት አይቆጠርም። መታየት ያለበት ሐዲዱ ነው። ሐዲድ የሚበላው ብዙ ሥራ በሚሠራበት በቻኩ አጠገብ ነው። ተንሸራታቹን ክፍል በቻኩ አጠገብ አቁማችሁ የማጥበቂያ ብሎኖቹን ትንሽ ጥበቁ፤ ከዚያም ወደ ሌላኛው ጫፍ ግፉት። መንገድ ላይ ጠብቆ አልሄድ ካለ ሐዲዱ ተበልቷል። ቀጥሎ ወፍራም እንጨት ቻኩ ሥር አስገብታችሁ ወደ ላይ እያነሣችሁ በመርፌ መለኪያ ሰዓት የዋናውን ዘንግ እንቅስቃሴ እዩ። የተበላ ኩሽኔታ ይቀየራል፤ የተበላ ሐዲድ ግን እዚህ አገር ማን ቀጥ አድርጎ ይስልላችኋል?

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ወደ አሮጌው ማሽን ያደላ ነው፤ አድልዎዬንም አልደብቅም። ይሁን እንጂ ስሌቴን የጀመርኩበትን ታምቡር መልሰን እንየው። አንዲት መኪና አራት ታምቡር ብቻ አላት፤ የሚላጡትም በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ታምቡር ሲላጥ መዞር ያለበት በራሱ ኩሽኔታ መቀመጫ ማዕከል ላይ ነው፤ በውጭ ገጹ ተጨብጦ ቢላጥ ክቡ ከማዕከሉ ይወጣና ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ ይዘላል። ከአምራቹ ወሰን በላይ የሰፋ ታምቡርም መጣል እንጂ መላጥ የለበትም። ሠፈራችን ያለው ባለሙያ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ማቀፊያዎችን ለየመኪናው ዓይነት ሠርቶ ደርድሯል፤ ስንጥቅ ያለበትን ታምቡር በመዶሻ መትቶ በድምፁ ይለየዋል። ጀማሪ ሰው ከእንጦጦ ቁልቁል ሊወርድበት ባለ ፍሬን ላይ እጁን ማፍታታት የለበትም። ስለሆነም ታምቡሩና ቮላኖው ወደ ቶርኖ ቤት ይሂዱ። ማሽን መመረጥ ያለበት ዘወትር በሚሠራው ሥራ ነው፤ እርሱም ቡሽ፣ ፒን፣ ማራራቂያ ቀለበት፣ አንዳንድ ልዩ ብሎን ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ በጡጫ ውስጥ ይጠቀለላሉ።

በዚህ መለኪያ ትንሹ ማሽን ብዙዎች እንደሚያሾፉበት መጫወቻ አይደለም። ፎቅ ላይ ለሚኖር ወይም የኮንክሪት ወለል ለሌለው ሰው ከእርሱ የተሻለ ምርጫ ላይኖር ይችላል፤ ቀስ ብሎ፣ ቀጭን ቀጭኑን ለሚቆርጥ ሰው ጥሩ ቡሽ ይሠራል። የተማሪዬ ሁኔታ ግን የተለየ ነው። ግቢ አለው፣ ወለል ማፍሰስ ይችላል፣ ወጣት ነው፤ ማሽኑም ከዚህች መኪና በኋላ ብዙ ዓመት አብሮት ይኖራል። ሐዲዱ ፈተናውን ካለፈ አሮጌውን ይግዛ፤ ካላለፈ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ይጠብቅ። ምክሬ ይኸው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም፤ «አሮጌ ማሽን የገዛ ሰው መኪናውን ትቶ ማሽኑን ሲያድስ ይኖራል» ይላል። ይህ ሥጋት እውነትነት አለው፤ እንዲህ ሲሆን ዐይቻለሁና።

ወደ ጀመርኩት የቃላት ጉዳይ ልመለስ። የሦስተኛ ዲግሪዬን በሠራሁበት አገር፣ ወደ ቤተ ሙከራ ከመግባታችን በፊት በትምህርት ክፍሉ ወርክሾፕ ብረት ስንቆርጥ እንድንሰነብት ተገድደናል። በጊዜው ጊዜዬን የቀሙኝ መስሎኝ ተናድጄ ነበር። ዛሬ የምናደደው በእኛ አገር በየትምህርት ተቋሙ ተቆልፈው በሚያረጁት ቶርኖዎች ነው። በአንድ ተቋም የዕንጨት ሣጥኑ እንኳ ያልተከፈተ ማሽን ዐይቻለሁ። ቁልፉን የያዘው ክፍል «ተማሪ ያበላሸዋል» ይላል፤ ተማሪው ደግሞ ስለ ሰበቃና ስለ ቶርክ ተፈትኖ፣ ከፍተኛ ውጤት አግኝቶ፣ ብረት ሲቆረጥ ሳያይ ይመረቃል። እኔን ባለሙያው ፊት አንደበቴን ያስያዘኝ ይኸው ዓይነት ትምህርት ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቴክኒሻን ተመድቦ፣ አምስት አምስት ተማሪ ቢገባ ምን ይጎዳል? የሚበላሸው መቁረጫ ዋጋ ከአንድ የመማሪያ መጽሐፍ አይበልጥም።

ለሚገቡት ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ ብዙ ሰው በተቃራኒው ስለሚያስበው ነው። ቶርኖ ላይ ጓንት አይደረግም። የሚሽከረከር ብረት ጓንቱን ከያዘ እጅን ይዞ ይሄዳል። ቀለበት፣ ከረባት፣ ነጠላ፣ ረጅም እጅጌም እንዲሁ። የቻኩ ቁልፍ ከእጅ የሚለየው ከቻኩ ላይ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። መነጽርም የግድ ነው።

ተማሪዬ ማሽኑን ገና አልገዛም። ሻጩ ሐዲዱን እንድናይ ፈቅዶልናል፤ የሠፈራችን ባለሙያም አብሮን ሊመጣ ተስማምቷል። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት የመርፌ ሰዓቱን፣ ማይክሮሜትሩንና አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨት ይዘን ሦስታችንም እንሄዳለን።